አንድ ዓመት በሐዘን ቤት፦ የሰፈራችን ዕድርና የፍትሐት አገልግሎት ሲመዘን

ባለቤቴ ሐምሌ 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ፣ ሁለት ዓመት በካንሰር ከታመመች በኋላ በቤታችን ዐረፈች። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ እስከ ሙት ዓመቷ ድረስ ያልተለየኝ አገልግሎት ሁለት ነው፤ አንዱ የሰፈራችን ዕድር፣ ሌላው የአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን የፍትሐትና የመታሰቢያ ጸሎት። በእኛ ሰፈር ሁለቱ እጅና ጓንት ሆነው ስለሚሠሩ አስተያየቴን የምጽፈው ስለ ሁለቱም ነው። የዕድሩንም ሆነ የአጥቢያውን ስም አልጠቅስም፤ የምነቅፈው ነገር በብዙ ዕድሮች የሚታይ ስለሆነ በአንዱ ላይ ብቻ ማሳበቡ ፍርደ ገምድልነት ይሆንብኛል። የምመዝንበት ሚዛን ግን አንድ ነው፤ የሚወደውን ሰው ያጣ ክርስቲያን እምነቱ ከእጁ እንዳያመልጥ ይህ አገልግሎት ምን ያህል ደግፎ ይዞታል?

አስቀድሜ ክፍያውንና በክፍያው የሚገኘውን ልግለጽ። እኔ በዋናው ዕድር በወር 100 ብር፣ ባለቤቴ ደግሞ በሴቶች ዕድር በወር 60 ብር እንከፍል ነበር፤ መዋጮው ባለፉት ዓመታት እየጨመረ እዚህ ደረሰ እንጂ 19 ዓመት ሙሉ ሳናቋርጥ ከፍለናል። በዚህ ክፍያ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበሮች፣ ብረት ድስት፣ ሳህንና ብርጭቆ፣ የሬሳ ሳጥን፣ ቀባሪውን ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርስ መኪና እና ለቤተሰቡ የሚሰጥ 15,000 ብር ይገኛል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን በደንቡ ውስጥ በዝርዝር ያልተጻፈ የሰው ጉልበትና የሰው ጊዜ አለ። በከተማችን የቀብር ሥነ ሥርዓት የሚያስፈጽሙ የግል ድርጅቶች መኖራቸውን አውቃለሁ፤ ለዘመድ ቀብር አንድ ጊዜ ተጠቅሜባቸው መኪናቸው ንጹሕ፣ ሰዓታቸውም የተከበረ ሆኖ አግኝቸዋለሁ። ሥራቸው ግን አፈር ሲመለስ ያበቃል፤ የሐዘንተኛው ሥራ የሚጀምረው ደግሞ ያን ጊዜ ነው።

ለዕድሩ ዳኛ የደወልኩት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ነበር። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ከጸሐፊውና ከሁለት እናቶች ጋር በራችን ላይ ቆሞ ነበር። ያን ጊዜ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ጠይቆኝ ቢሆን ኖሮ መልስ አልነበረኝም፤ እርሱም ይህን የሚያውቅ ይመስል አንድም ነገር አልጠየቀኝም። የጠየቀው ልጆቹ የት እንዳሉ ብቻ ነው። እናቶቹ ገብተው ባለቤቴን አጠቡ፣ በነጭ ጨርቅ ገነዟት፤ በሕይወት እያለች እትዬ የምትላቸው፣ ቡና ያጠጧትና ያጠጣቻቸው ሰዎች ናቸው፤ ሥራቸውን ሲሠሩም ልጅን እንደሚያጥብ ሰው ቀስ እያሉ ነበር። ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ጡሩምባው ተነፋ። በአሁኑ ጊዜ ዕድሩ የሞት ዜናን በስልክ መልእክት ጭምር የሚያስተላልፍ ቢሆንም ጡሩምባው አለመቅረቱን እደግፋለሁ፤ በየቤቱ የተኛው ሰው በአንድ ጊዜ ሲነቃ የአንድ ቤት ሐዘን የመንደር ሐዘን ይሆናልና። አንድ ሰዓት ሲሆን ድንኳኑ ቆሞ፣ ወንበሩ ተደርድሮ፣ ውኃው ተጥዶ ነበር። እኔ አንዲት ችንካር እንኳ አላነሣሁም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ሁለት ዓመት ሙሉ የጸለይኩት አንድ ጸሎት ብቻ ነበር፤ እንድትድን። ሐኪም ያዘዘውን ሁሉ አድርገናል፣ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል ተጠምቃለች፣ ስእለት ተስለናል፣ የነፍስ አባታችንም ቤታችን እየመጡ ጸልየውላታል። ባረፈች ሌሊት ግን አቡነ ዘበሰማያት ለማለት ጀምሬ «ፈቃድህ ይሁን» የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄ ቆመ። ቃሉን መካድ አልፈለግሁም፤ ማለቱንም አልቻልኩም። እምነት የማጣት ስሜት አልነበረም፤ እጁ እንደ ደነዘዘ ሰው ነበርኩ፤ እጁ አለ፣ ግን አይጨብጥም። ይህን የምጽፈው በዚህ ሁኔታ ውስጥ ያለ ሰው ሊያነበው እንደሚችል ስለማስብ ነው።

የፍትሐቱን አገልግሎት ከሁሉ አስበልጬ የማመሰግነው በዚህ ምክንያት ነው። ፍትሐት ከሐዘንተኛው ምንም አይጠብቅም። ካህናቱ ሥርዓቱን ይጀምራሉ፣ ጸሎቱን ያደርሳሉ፣ ዕጣኑን ያጥናሉ፤ የሟች ባል ልቡ የት እንዳለ አይመረምሩም። መዝሙረ ዳዊት በሊቃውንቱ ዘንድ እያንዳንዱ 10 መዝሙር የያዘ 15 ንጉሥ ተብሎ ይከፈላል፤ በዚያ ጧትም በድንኳኑ ጥግ ካህናቱና ደብተራዎቹ ተከፋፍለውት፣ አንዱ ከመጀመሪያው ንጉሥ፣ ሌላው ከመካከሉ፣ ሌላው ከመጨረሻው ጀምረው በአንድ ጊዜ ሲደግሙ ሰማሁ። በልጅነቴ ዳዊት የደገምኩ ሰው ነኝና የትኛው ምን እያነበበ እንደሆነ አልጠፋኝም። አንደኛው «አምላኬ አምላኬ ለምን ተውኸኝ» የሚለውን 21ኛውን መዝሙር ከፈተ። ቀጥሎ ያለው ጠና ያሉ ደብተራ 87ኛውን ያዙ፤ ከመዝሙራት ሁሉ የጨለማው መዝሙር እርሱ ነው፤ በለቅሶ የሚጀምሩ አብዛኞቹ መዝሙራት በተስፋ ወይም በምስጋና ይጨርሳሉ፣ ይህ ግን ወዳጅና ባልንጀራ ከእርሱ እንደ ራቁበት ተናግሮ በዚያው ያበቃል። ደብተራው ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ ሳያለዝቡ፣ እንደማንኛውም ቃል አንብበው አለፉት። እኔ ለእግዚአብሔር ለመናገር የፈራሁትን ነገር እርሳቸው በእግዚአብሔር ፊት፣ በጸሎት መጽሐፍ፣ በነጠላቸው እንደተሸፈኑ አንብበውልኝ አበቁ።

ከዚያ በኋላ ትንሽ ተነፈስኩ። ቤተ ክርስቲያን «ለምን» የሚለውን ጥያቄ ከጸሎት ውጭ አድርጋ አላስቀረችውም፤ የጸሎቱ ክፍል አድርጋ፣ ቁጥር ሰጥታ፣ በሬሳ ራስጌ እንዲነበብ ሠርታዋለች። ይህን ለሃምሳ ዓመት ያህል በክርስትና ኖሬ ያስተዋልኩት በዚያን ቀን ነው። እኔ ስላልቻልኩ ጸሎቱ አልቆመም፤ ሌሎች በእኔ ፈንታ ያዙት፤ እኔ ስመለስ ካቆምኩበት አልፎ ጠበቀኝ።

ስለ ስም ጥሪው ደግሞ ልናገር፤ ዕድርን የሚነቅፉ ሰዎች አዘውትረው የሚያነሡት ይህን ነው። በቀብሩ ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ሥርዓቱ እንዳለቀ፣ ጸሐፊው ከመካነ መቃብሩ አጠገብ ቆሞ የአባላቱን ስም ከመዝገብ ይጠራል፤ በቂ ምክንያት ሳይኖረው የቀረ ይቀጣል። ከውጭ አገር የመጣ አንድ ዘመዳችን ይህን አይቶ በጣም አዘነ፤ «ሰው ለሐዘን በቅጣት ይጠራል?» አለኝ። እኔም በወጣትነቴ እንደ እርሱ አስብ ነበር። ፍቅር በፈቃድ ካልሆነ ፍቅር አይደለም የሚል ትምህርት በልቤ ነበረ። ዛሬ ግን ሐሳቤ ተለውጧል። ከቀባሪው መካከል እኔን የማይወደኝ ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ ከአጥር ወሰን ጋር በተያያዘ ለሦስት ዓመት ያልተነጋገርን ጎረቤት ነበረን። እርሱም መጣ። ምናልባት ቅጣቱን ፈርቶ ይሆናል፤ ቢሆንም መጣ፣ ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ ሆነ፣ በመቃብሩ ላይ አፈር መለሰ። ሰው የሚመጣልኝ በሚወደኝ መጠን ብቻ ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ምን ያህል ሰው እንደሚቆምልኝ ማስላት ነበረብኝ። ግዴታው ከዚህ ስሌት አወጣኝ። ለጸሎቱም ነገሩ ይኸው ነው፤ ካህኑ ፍትሐት የሚያደርሰው ልቡ ስለተነካ ሳይሆን ሥርዓቱ ስለሚያዘው ነው፤ ሥርዓቱ ባያዘው ኖሮ የማንም ልብ ያልተነካላቸው ሟቾች ያለ ጸሎት ይቀበሩ ነበር።

ድንኳኑ የቆየው ሦስት ቀን ነው። በእነዚህ ሦስት ቀናት ውስጥ ከምግብ በኩል ዕድሩ ያለውን ደንብ ሳላመሰግን አላልፍም፤ በድንኳን ውስጥ የሚቀርበው ንፍሮ፣ ዳቦና ሻይ ብቻ ነው። ሐዘንተኛው ቤተሰብ ለለቅሶ ደራሽ ድግስ እንዲያዘጋጅ አይፈቀድም። ተዝካር ሲደግሱ በዕዳ የተዘፈቁ ቤተሰቦችን የማያውቅ ሰው የለምና ይህ ደንብ ትልቅ ምሕረት ነው። ለእኛ ለቤተሰቡ ደግሞ የሴቶች ዕድር አባላት በየተራ ዕዝን ያመጡልን ነበር። ልጆቼ አንበላም ሲሉ ከሌማቱ አጠገብ ሳይነሡ የሚጠብቁ፣ «ለእናታችሁ ስትሉ አንዲት ጉርሻ» እያሉ የሚያጎርሱ እናቶች ነበሩ። የትንሹ ልጄ ዕድሜ 11 ነው፤ ሁለት ቀን ከማንም እጅ አልጎርስም ብሎ በሦስተኛው ቀን ከአንዲት እናት እጅ የጎረሰውን እንጀራ አልረሳውም።

ንግግርን በተመለከተ ግን አገልግሎቱ ጎዶሎ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የአባቶቻችን ልማድ ግልጽ ነው፤ ለቅሶ ደራሽ ይገባል፣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ይላል፣ ይቀመጣል፣ ዝም ይላል፣ ሲነሣ «ነፍስ ይማር» ብሎ ይሄዳል። በዚህ ልማድ ውስጥ ያለው ጥበብ ከመጽሐፈ ኢዮብ ጋር አንድ ነው። የኢዮብ ሦስት ወዳጆች መከራውን ሰምተው በመጡ ጊዜ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አጠገቡ በምድር ላይ ተቀመጡ፤ ሕመሙ እጅግ ታላቅ መሆኑን ስላዩ አንድ ቃል የተናገረው አልነበረም። እነዚያ ሰባት ቀናት የወዳጅነታቸው ምርጥ ቀናት ነበሩ። ጥፋታቸው የጀመረው አፋቸውን ከፍተው የመከራውን ምክንያት ማስረዳት በጀመሩ ጊዜ ነው፤ በመጽሐፉ መጨረሻም እግዚአብሔር የተቆጣው በእነርሱ ላይ እንጂ በጠያቂው በኢዮብ ላይ አልነበረም።

በእኛም ድንኳን የሆነው ይኸው ነው። አብዛኛው ሰው በልማዱ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ከፊት ለፊታችን የሚኖሩት ሙስሊም ጎረቤታችን ሐጂ ሦስቱንም ቀን ከዓሥር ሰዓት በኋላ መጥተው ከጎኔ ተቀምጠዋል፤ በሦስቱ ቀናት ከእርሳቸው የሰማሁት ቃል ቢቆጠር ሃያ አይሞላም፤ ሆኖም ሲነሡ ቦታቸው ባዶ መሆኑ ይሰማኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን አንድ አባል፣ በበጎ ፈቃድ እንደሆነ አልጠራጠርም፣ ተነሥቶ ምክር ሰጠ። እግዚአብሔር የሚያደርገው ሁሉ ለበጎ መሆኑን፣ ብዙ ማልቀስ በፈቃዱ ላይ ማጉረምረም መሆኑን፣ ያመነ ሰው እንባውን ማበስ እንዳለበት ተናገረ። የ16 ዓመት ልጄ በዚያው ቅጽበት ተነሥታ ወደ ቤት ገባች፤ እስከ ማታ ድረስም ወደ ድንኳኑ አልተመለሰችም። በኋላ እንደነገረችኝ የገባት ነገር «ማልቀስሽ ኃጢአት ነው» የሚል ነበር።

ያን ማታ የነፍስ አባታችን መጥተው ነበርና የሆነውን ነገርኳቸው። ልጄን አስጠርተው አጠገባቸው አስቀመጧት። «ልጄ፣ ጌታችን አልዓዛርን ሊያስነሣው እንደሆነ እያወቀ ወደ መቃብሩ ሲሄድ አልቅሷል። እርሱ ያለቀሰውን አንቺን ማን ይከለክልሻል?» አሏት። ቀጥለውም ሐዋርያው ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች የጻፈውን አነሡ፤ ተስፋ እንደሌላቸው እንዳታዝኑ አለ እንጂ እንዳታዝኑ አላለም አሏት። እርሷም ብዙ ጊዜ አለቀሰች፤ እርሳቸውም መቋሚያቸውን ይዘው እስክትጨርስ ጠበቋት። አንድ ሰው በድንኳን ያቆሰለውን ሌላው በዚያው ማታ በቤት ውስጥ አከመው ማለት ነው፤ ግን የነፍስ አባቱ የማይመጡለት ቤት ብዙ ነውና ዕድሩ ይህን ጉዳይ እንደ ቀላል ሊያየው አይገባም። ስለ ወንበርና ስለ ብርጭቆ አያያዝ ሦስት ገጽ ደንብ ያለው ዕድር፣ በሐዘንተኛ ፊት ማን ምን ይናገር የሚል አንዲት አንቀጽ ቢጨምር ይጠቅመዋል።

ሌሎቹን ጉድለቶች በአጭሩ ልጥቀስ። ወሩ ሐምሌ ነበርና ዝናቡ ብርቱ ነው፤ ድንኳኑ በአንድ በኩል ያፈስ ስለነበር አዛውንቶች በተደጋጋሚ ቦታ ለመለወጥ ተገደዋል። ለቤተሰቡ የሚሰጠው ገንዘብ የደረሰኝ ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው፤ ገንዘብ ያዡ አገር ቤት ሄዶ ስለነበር ሌላ ፈራሚ አልነበረም ተባልኩ። እኔ ደመወዝተኛ ስለሆንኩ አልተቸገርኩም፤ የቀን ሥራ የሚሠራ አባል ቢሆን ግን ያ ገንዘብ የሚያስፈልገው በመጀመሪያው ሳምንት ነበር።

ከሁሉ የከበደኝ ጉድለት የአራተኛው ቀን ነው። የሠልስቱ ጸሎት በተደረሰ ማግስት ጧት ወጣቶች መጥተው ድንኳኑን አፈረሱ፣ ወንበሮቹን ቆጥረው ጫኑ፣ ብርጭቆዎቹን አጥበው ወሰዱ። በግቢያችን ጭቃ ላይ የወንበር እግሮች የተተከሉባቸው ጉድጓዶች ብቻ ቀሩ። ሦስት ቀን ሙሉ ከመቶ ሰው ያላነሰ ተቀምጦበት የነበረ ቦታ ላይ በዚያን ቀን ከልጆቼ ጋር አራት ሆነን ቀረን። ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ መመለሱም ተገቢ ነው። ግን የሐዘን ከባዱ ሰዓት ያ መሆኑን ሐዘን የደረሰበት ሁሉ ያውቃል። ዕድሩ ለሞት ተዘጋጅቷል፤ ለባዶው ቤት ግን አልተዘጋጀም።

ዕድሩ ባቆመበት ቦታ የቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ቀጠለ። በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ12ኛው፣ በ30ኛው፣ በ40ኛውና በ80ኛው ቀን፣ በመንፈቅና በዓመት የሚደረገውን የመታሰቢያ ጸሎት ቀድሞ የማየው እንደ ልማድ ብቻ ነበር። ሒሳብ አስተማሪ ነኝና ቁጥር ያለ ምክንያት አይዋጥልኝም፤ የነፍስ አባቴን ጠይቄ ያስረዱኝን እዚህ ባካፍል ደስ ይለኛል። 3ኛው ቀን ጌታ ከሙታን የተነሣበት ነው። 7ኛው ዮሴፍ ለአባቱ ለያዕቆብ ሰባት ቀን ማልቀሱን፣ 30ኛው የእስራኤል ልጆች ለሙሴ ሠላሳ ቀን ማልቀሳቸውን ያስታውሳል። 40ኛው ጌታ በተነሣ በአርባኛው ቀን ማረጉን ያስባል። በሥርዓታችን ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ትጠመቃለች፤ ባለቤቴ ሕፃን ሆና ወደ ቤተ ክርስቲያን በገባችበት በ80 ቀን ልክ፣ ከዚህ ዓለም ከወጣች በ80 ቀኗ ስሟ በዚያው በቤተ ክርስቲያን ተጠራ። የመጨረሻው የእኔ ማስተዋል እንጂ የእርሳቸው ትርጓሜ አይደለም፤ ነገር ግን ጥቅምት 4 ቀን ስሟ ሲጠራ ሰምቼ ያሰብኩት ይህን ነው።

12ኛው ቀን ነሐሴ 1 ዋለ፤ የፍልሰታ ጾም የሚጀምርበት ዕለት። ይህ የማንም ዝግጅት አልነበረም፤ ለእኔ ግን በዚህ ዓመት ከተደረገልኝ ነገር ሁሉ ትልቁ ሆነ። ፍልሰታን ከልጅነቴ ጀምሮ ጾሜዋለሁ። ሐዋርያት የእመቤታችንን ሥጋ እንዲገልጥላቸው በነሐሴ መጀመሪያ ሱባዔ እንደያዙ፣ በ16ኛውም ቀን ዕርገቷን እንደምናከብር ስሰማ ኖሬአለሁ። ያን ዓመት ግን ታሪኩን እንደ ሐዘንተኛ ሰማሁት። ሐዋርያት ትንሣኤን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ናቸው፤ ይሁን እንጂ የሚወዷት እናት ከመካከላቸው ስትለይ «ትንሣኤ አለ» ብለው ወደ ሥራቸው አልተመለሱም። የት እንዳለች ማየት ፈለጉ፣ ናፈቁ፣ ናፍቆታቸውንም ጾምና ጸሎት አደረጉት። እኔ በዚያ ሰሞን የእምነት ጉድለት ነው ብዬ የፈራሁት ያ ናፍቆት በቤተ ክርስቲያን ሁለት ሳምንት ተሰጥቶት፣ ሕፃናት ሳይቀሩ እየጾሙት ነው። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ቅዳሴ ነበረ፤ ከቤቱ ዝምታ ለመሸሽ ስል መሄድ ጀመርኩ፤ በሁለተኛው ሳምንት ግን ለመሸሽ አልነበረም የምሄደው። አንድ ቀን፣ የትኛው ቀን እንደሆነ በትክክል አላስታውስም፣ ሕዝቡ አቡነ ዘበሰማያትን ሲል አብሬ ስል ራሴን አገኘሁት፤ «ፈቃድህ ይሁን» የሚለውን ካለፍኩት በኋላ ነው ያስተዋልኩት።

ከዚያ በኋላ ሐዘኑ አላነሰም። የተለወጠው የምቆጥርበት አቅጣጫ ነው። በመጀመሪያ የምቆጥረው ከሞተች ስንት ቀን እንደሆነ ብቻ ነበር፤ ቁጥሩም በየቀኑ ከእርሷ እያራቀኝ ይሄድ ነበር። መታሰቢያዎቹ ግን ከፊቴ የቆሙ ቀናት ሰጡኝ፤ እስከ ሠላሳ ስንት ቀረ፣ እስከ አርባ ስንት ቀረ እያልኩ፣ በየደረጃው ትንሣኤና ዕርገት እየተነበበልኝ ተጓዝኩ። ዕንቁጣጣሽ በ47ኛው ቀን መጣ፤ በቤታችን አበባ ያላስገባንበት የመጀመሪያው አዲስ ዓመት ነበር፤ እርሱንም ከአርባው በኋላ ስለመጣ ቻልነው ብዬ አምናለሁ። መንፈቋ በጥር፣ በአስተርእዮ ማርያም ዋዜማ ዋለ። አርባዋን ስናወጣ ድግስ አላደረግንም፤ ጸሎቱ ከተደረሰ በኋላ በደጀ ሰላሙ ለተቀመጡ ነዳያን እንጀራና ሽሮ ወጥ አበላን፤ ያዘጋጁትም የሴቶች ዕድር አባላት ናቸው፤ ይህ በደንባቸው ግዴታ ያልሆነና በፈቃዳቸው ያደረጉት ነው።

በቨርጂኒያ የምትኖረው የባለቤቴ እኅት መርዶውን የሰማችው እዚያ ካሉ ኢትዮጵያውያን ዕድር አባላት ነው። ለእነርሱ ደውዬ ያስረዳሁት እኔ ነኝ፤ ለእርሷ በቀጥታ መንገር አልሆነልኝም። ጧት ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት አራት ሆነው በሯን አንኳኩ፤ ሦስት ቀንም ሳሎኗ ውስጥ ተቀመጡላት። ድንኳንም ጡሩምባም አልነበረም፤ ዕዝኑና ዝምታው ግን ያው ነበር ብላኛለች። እዚያ ያለው ዕድር ይህን መጠበቁ አገልግሎቱ በዕቃው ላይ እንዳልቆመ ያሳያል። እንዲያውም በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት መሰብሰብ በተከለከለ ጊዜ በሰፈራችን ድንኳን ሳይተከልላቸው የቀበሩ ቤተሰቦች ነበሩ፤ ከእነርሱ አንዷ በእኛ ድንኳን ውስጥ ለረጅም ሰዓት ስታለቅስ ያየኋት፣ ያላለቀሰችውን የራሷን ሐዘን ጭምር ነበር።

ዕድር ለመግባት ለሚያስቡ፣ በተለይም በኮንዶሚኒየም ለሚኖሩና ገና ጎረቤት ላልለመዱ ወጣት ቤተሰቦች፣ የምመክረው የወር መዋጮውን መጠን ከማየታቸው በፊት ደንቡን ጠይቀው እንዲያነቡ ነው። ገንዘቡ በስንት ቀን ይሰጣል፣ ፈራሚው ሲታጣ ማን ይተካል፣ ድግስ ይከለከላል ወይ፣ ሐዘንተኛው ከሠልስቱ በኋላ ይጠየቃል ወይ? የእኛ ዕድር ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ከአምስት ኮከብ አምስቱን ይገባዋል፤ ከአራተኛው ቀን በኋላ ላለው ጊዜ ከሁለት በላይ ልሰጠው አልችልም። ለፍትሐቱና ለመታሰቢያው ጸሎት ኮከብ መቁጠር ተገቢ ሆኖ ስላላገኘሁት ትቼዋለሁ።

ለዕድሩ ሥራ አመራር በጽሑፍ ያቀረብኩት ሐሳብ ሦስት ነገር ይዟል። ገንዘቡ በሰባት ቀን ውስጥ እንዲከፈልና ሁለተኛ ፈራሚ እንዲሰየም፤ በድንኳን ውስጥ ከካህንና ከቤተሰቡ ሽማግሌ በቀር ማንም ተነሥቶ ምክር እንዳይሰጥ፤ እንዲሁም ድንኳኑ ከፈረሰበት ቀን ጀምሮ እስከ አርባው ድረስ በየሳምንቱ ሁለት አባላት በተራ ወደ ሐዘንተኛው ቤት ሄደው ቡና ጠጥተው እንዲመለሱ። ዳኛው የመጨረሻው ለአባላቱ ይከብዳል፣ በቅጣትም ማስገደድ ያስቸግራል ብሎኛል። እኔም ስም ጥሪ ይደረግ ብዬ መለስኩለት። ጉዳዩ ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ ተይዟል፤ እስከዚያው ባለፈው ወር እናቷን ወደ ቀበረችው ጎረቤታችን ቤት ማክሰኞ ማክሰኞ ከልጄ ጋር እየሄድን ነው።